ጎተራ ጠባቂዋን ድመት ከጓሮ መርዝ እንጠብቃት

የመኸሩ ምርት ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ ገበሬው ሌላ ጠላት ይገጥመዋል። ይኸውም አይጥ ነው። አይጥ የሚበላው ሳያንሰው በሽንቱና በኩሱ የሚያበላሸው እህል ብዙ ነው። ይህን ጠላት ደመወዝ ሳትጠይቅ ሌሊት የምትዋጋው ድመት ናት። ሆኖም ድመት በድንገት ስትሞት «እባብ ነድፏት ይሆናል» ወይም «ዓይን በልቷት ነው» ተብሎ ይታለፋል እንጂ ጓሮውን የሚመረምር ጥቂት ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ልጅ ሳለ በእናቱ ቤት የሆነው ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። አዲስ ምጣድ ለማሟሸት ጉሎ ተወቀጠ። የተረፈው ጥሬ ውቅጥ በገል ላይ ሆኖ ምድጃው ጥግ አደረ። ቅባት ነውና ድመቲቱ ላሰችው። በማግሥቱ ማስመለስ ጀመራት፤ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥም ተከተለ፤ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ጎረቤቱ ሁሉ የየራሱን ምክንያት ሰጠ። በዚያው ክረምት የስንዴው ጎተራ ግርጌው በአይጥ ተበሳ፤ ለዘር የተቀመጠውም ሳይቀር ተነካ። ምክንያቱ የተገለጸለት ግን ከዓመታት በኋላ በእርሻ ኮሌጅ ስለ ጉሎ ሲማር ነበር።

የጉሎ ፍሬ ራይሲን የተባለ ብርቱ መርዝ አለው። ፍሬው ሳይሰበር ከተዋጠ ጉዳቱ የቀነሰ ሲሆን፣ ሲወቀጥ ወይም ሲታኘክ ግን መርዙ ይወጣል። የሕመሙ ምልክት ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ቆይቶ ሊታይ ይችላል። የጋለ ምጣድ ላይ መርዙ በሙቀት ስለሚከሽፍ አደጋው ያለው ጥሬ ሆኖ በተረፈው ውቅጥ ላይ ነው። ስለዚህ ትራፊው ወዲያውኑ በጥልቅ ጉድጓድ ሊቀበር፣ የተወቀጠበትም ዕቃ በሚገባ ሊታጠብ ይገባል።

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ይባላል። አመሏም ሁለት ነው። አንደኛው ገላዋን መላስ ነው። ለአጥር የተተከለ ቅንጭብ ወይም ቁልቋል ሲቆረጥ የሚፈሰው ነጭ ወተት ጠጉሯን ከነካት ስትልሰው አፏንና ሆዷን ያቆስላል፤ ዓይኗ ውስጥ ከገባም ሊያሳውራት ይችላል። ሁለተኛው ሣር መቆርጠም ነው። በደጅ ለምለም ሣር ካጣች ያገኘችውን ቅጠል ትቀምሳለች። በቤት አጠገብ በፍግ ላይ የሚበቅለው አስተናግር፣ አንዳንዱ እጸ ፋሪስ የሚለው፣ ከሥሩ እስከ ፍሬው መርዝ ነው። የቀመሰችው ድመት የዓይኗ ብሌን ይሰፋል፣ አፏ ይደርቃል፣ ትንገዳገዳለች። እሬትም ቢሆን ለሰው መድኃኒት ቢባልም ድመትን ያስመልሳታል፤ ያስቀምጣታል።

እንዶድም መዘንጋት የለበትም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነበር የቢልሃርዝያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ ለማጥፋት የሚያስችለውን ምርምር የጀመሩት። ቀንድ አውጣን የሚገድል ዕጣቢ በገበቴ ተከማችቶ እንስሳ እንዲጠጣው መተው ተገቢ አይደለም።

በከተማ ዳር ለጌጥ አበባ የሚተክሉ ወገኖች ደግሞ ሊሊ ከተባለው አበባ ይጠንቀቁ። ቅጠሉ፣ የአበባው ብናኝና የተቀመጠበት ውሃ ጭምር በጥቂት ቀን ውስጥ የድመትን ኩላሊት ያጠፋል።

ድመት መርዝ ቀምሳለች ተብሎ ሲጠረጠር መጀመሪያ ከአፏ የቀረውን ቅጠል ማውጣት፣ ጠጉሯን የነካውንም በሳሙናና በውሃ ማጠብ ያስፈልጋል። የሚያጥበው ሰው ዓይኑንና እጁን ከቅንጭብ ወተት ይጠብቅ። እንድታስመልስ ብሎ ጨው መጋት ራሱ ሊገድላት ይችላል፤ ወተትም መርዝን አያረክስም። ከዚያ የቅጠሉን ናሙና ይዞ ሳይዘገዩ በአቅራቢያ ወዳለው የእንስሳት ጤና ባለሙያ መውሰድ ነው።

የገበሬ ማኅበር መሪዎች በዚህ ረገድ ሊሠሩ የሚችሉት ብዙ ነው። በስብሰባ ቀን ጉዳዩን አንሥቶ ማስረዳት፣ አስተናግር ሳያፈራ ከየደጁ እንዲነቀል ማድረግ፣ የአጥር ቅንጭብ ሲከረከም ቁርጥራጩ ወዲያው እንዲሰበሰብ መቆጣጠር ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነው። በተሰበረ እንስራ ውስጥ እፍኝ ገብስ ዘርቶ በምድጃው አጠገብ ማብቀል ደግሞ ድመቲቱ የምትቆረጥመው ንጹሕ ሣር ይሰጣታል።

ድመት ስትሞት የአይጥ መርዝ ይገዛል። መርዙን በልቶ የተዳከመውን አይጥ የጎረቤት ድመት ትበላለች፤ እርሷም ትሞታለች፤ አይጡም ይበዛል። ይህን ሰንሰለት ከመነሻው መበጠስ የሚቻለው በየጓሯችን ነው። ከጉሎው ውቅጥ ወዲህ የአቅራቢው እናት ቤት ምጣድ ሲሟሽ ገሉ ደጅ አያድርም፤ ጎተራውም ጠባቂ አላጣም።