የጆንያው ባለቤትና የስሙ ባለቤት

በጅቡቲ ወደብ መርከብ ላይ የሚጫን የኢትዮጵያ ቡና ሁለት ንብረት ይዞ ይጓዛል፤ ይኸውም ፍሬውና ስሙ ነው። ፍሬው በሽያጭ ውል ለገዢው ይተላለፋል። ስሙስ?

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የተባሉት ስሞች በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡላት ለአሜሪካ መንግሥት አመለከተች። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ግን ሐረርና ሲዳሞ የተባሉት ስሞች የማንም ሊሆኑ አይችሉም ሲል ተቃወመ። በ2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ውል ተፈረመ። ኩባንያው፣ ምዝገባው ቢፈቀድም ባይፈቀድም፣ የስሞቹ ባለቤት ኢትዮጵያ መሆኗን በውሉ አመነ፤ በስሞቹ የመጠቀም ፈቃድም አገኘ። ተማሪዎች እዚህ ላይ ባለቤትነትንና ፈቃድን ይለዩ፤ ቤቱን ያከራየ ሰው ቤቱን አልሸጠም። ፈቃዱ ያለ ክፍያ መሰጠቱ ግር ያሰኝ ይሆናል፤ የታሰበው ግን ስሙ ገንኖ የገበሬው ቡና ዋጋ እንዲያወጣ ነበር።