የጣት ላይ ቁጥርና የነርሷ ዓይን፦ የመተንፈሻ አካል ሕሙማን እንክብካቤ በደሴና በኮምቦልቻ



አዲስ የሕክምና ቴክኖሎጂ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው በጽኑ ሕሙማን ክፍል ያለውን የመተንፈሻ ማሽን ነው። በእኔ እምነት ግን የነርሶችን የዕለት ተዕለት ሥራ ይበልጥ የለወጠችው ጣት ላይ የምትሰካው ትንሽ መሣሪያ፣ ፐልስ ኦክሲሜትር፣ ናት። የዛሬው ንግግሬም ይህች መሣሪያ ለነርሷ ምን እንደ ሰጠቻትና ምን አዲስ ኃላፊነት እንደ ጫነችባት ያብራራል።

መሣሪያዋ ቀይና ታሕተ ቀይ ብርሃን በጣት ውስጥ ታሳልፋለች። ኦክስጅን የተሸከመው ሄሞግሎቢንና ያልተሸከመው እነዚህን ብርሃናት የሚውጡት በተለያየ መጠን በመሆኑ፣ ከልዩነቱ የደም ኦክስጅን ሙሌት በመቶኛ ይሰላል። መርሁን እ.ኤ.አ. በ1974 ይፋ ያደረገው ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩዎ አዮያጊ ነው። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2016 የሕክምና ኦክስጅንንና ፐልስ ኦክሲሜትሪን ለማስፋፋት ብሔራዊ ፍኖተ ካርታ ወጥቷል።

ቀደም ሲል ነርሷ የኦክስጅን እጥረትን የምትለየው ከንፈርና ምላስ መሰማየታቸውን በማየት ነበር። ይህ ምልክት የሚታየው ግን እጥረቱ ከጠና በኋላ ነው፤ ደም ማነስ ባለበት ሰው ላይ ጭራሽ ላይታይም ይችላል። አሁን የሕፃኑ ሙሌት ከ90 በመቶ በታች ሲወርድ ኦክስጅን መጀመር እንዳለበት ነርሷ ወዲያው ታውቃለች።

ይሁን እንጂ ቁጥሩ ያለ ቦታው አይነበብም። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን በኮምቦልቻ 91 በመቶ ቢያሳይና ያለ ኦክስጅን ወደ ደሴ ቢላክ፣ አምቡላንሱ ሐረጎን ሲወጣ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ፣ ሕመሙ ሳይብስ እንኳ ቁጥሩ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ነርሷ ከመነሣቷ በፊት የሲሊንደሩን ይዘት ማስላት ይኖርባታል። በደቂቃ 2 ሊትር የሚወስድ ሕፃን በሰዓት 120 ሊትር ይፈልጋል፤ መንገድ ቢዘጋስ ብሎ ለዚያ እጥፍ መያዝ ብልህነት ነው።

በሌላ በኩል ዝቅተኛ ቁጥርን «ደጋ ስለሆነ ነው» ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ የአማራ ደገኞች አማካይ ሙሌት 95.3 በመቶ ነበር። በደሴ 86 በመቶ ያሳየ ሕመምተኛ ታሟል እንጂ ከፍታውን አልለመደም አይባልም።

ቁጥሩ ራሱም ሊያሳስት ይችላል። በደሴ ብርድ የቀዘቀዘ እጅ፣ የጥፍር ቀለም ወይም ጠቆር ያለ ሂና ንባቡን ያውካል። ከዚህ የሚከብደው ግን የቆዳ ቀለም ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የወጣ ጥናት፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ካሳያቸው ንባቦች መካከል በደም ምርመራ ትክክለኛው ሙሌት ከ88 በመቶ በታች ሆኖ የተገኘው በጥቁሮች 11.7 በመቶ፣ በነጮች 3.6 በመቶ እንደ ነበር አሳይቷል። ሕመምተኛው እያቃሰተና ደረቱ ወደ ውስጥ እየገባ መሣሪያው 93 ቢል፣ ነርሷ ማመን ያለባት ሕመምተኛውን ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ ሁለት ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። አንደኛ፣ ቁጥሩን ስትመዘግቡ የት እንደተለካና ሕመምተኛው ኦክስጅን ላይ እንደ ነበር ወይም እንዳልነበር አብራችሁ ጻፉ፤ ያለዚያ ተቀባዩ ሆስፒታል መሻሉን ከመባሱ መለየት ይቸግረዋል። ሁለተኛ፣ ትንፋሽን ሙሉ ደቂቃ መቁጠርን አትተዉ። ከ2 እስከ 11 ወር ባለው ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ12 እስከ 59 ወር ባለው 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ትንፋሽ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት የደሴ ሆስፒታል መሣሪያዎች ሲዘረፉ ለባለሙያው የቀረለት ይኸው ዕውቀት ነበር።

መሣሪያዋ ለነርሷ ቀድሞ የማየት አቅም ሰጥታታለች። ያየችውን መመዘንና መወሰን ግን የነርሷ ድርሻ ነው፤ ትምህርታችንም ለዚህ ሊያዘጋጃት ይገባል።