ተጨማሪ መረጃ፦ የሰርኪዩት የድግግሞሽ ምላሽ አለካክ

በገሰራም ሆነ በሮቤ ቤታችን የሚደርሰው ኤሌክትሪክ ድግግሞሹ 50 ሄርዝ ነው፤ በዋቤ ሸበሌ ወንዝ ላይ ያለው የመልካ ዋከና ማመንጫም የሚሠራው በዚሁ ነው። ሰው የሚሰማው ድምፅ ግን ከ20 ሄርዝ እስከ 20 ኪሎ ሄርዝ ይደርሳል። ስለዚህ የድምፅ ማጉያን በአንድ ድግግሞሽ ብቻ ለክቶ ማወቅ አይቻልም።

ለሙከራ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና 10 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ አገናኙ፤ መውጫው የካፓሲተሩ ሁለት ጫፎች ናቸው። ሲግናል ጀነሬተሩን ከ100 ሄርዝ ጀምራችሁ 200፣ 500፣ 1,000 እያላችሁ ከፍ አድርጉ። በየደረጃው የመውጫውን ቮልቴጅ ለመግቢያው አካፍሉ፤ ውጤቱ የሰርኪዩቱ ምላሽ ነው። 1,592 ሄርዝ ገደማ ላይ ውጤቱ 0.707 ይሆናል፤ ይህም ከሙሉው 3 ዴሲቤል ያነሰ ነው፤ ይህ ድግግሞሽ የማቋረጫ ድግግሞሽ ይባላል። ከዚያ ርቆ ድግግሞሹ 10 እጥፍ ባደገ ቁጥር ምላሹ 20 ዴሲቤል ይወርዳል።

ጀማሪን በብዛት የሚያሳስተው መለኪያው ነው። ብዙ ርካሽ መልቲሜትሮች ተለዋዋጭ ቮልቴጅን በትክክል የሚለኩት እስከ 400 ሄርዝ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ የምታነቡት የመሣሪያውን ድካም ሊሆን ይችላል። ኦሲሎስኮፕ ይሻላል። እሱም ቢሆን ማሳነሻ በሌለው ፕሮብ 100 ፒኮ ፋራድ ያህል ይጨምራል፤ የሰርኪዩቱ ካፓሲተር ራሱ 100 ፒኮ ፋራድ ከሆነ የማቋረጫው ድግግሞሽ በግማሽ ይወርዳል። ፕሮቡን 10 እጥፍ በሚያሳንሰው ቦታ ላይ አድርጉት።

ጀነሬተር ከሌላችሁ ድምፅ የሚያመነጭ የስልክ መተግበሪያ በጆሮ ማዳመጫው መውጫ በኩል ያገለግላል። ሰርኪዩታችሁን ግን ከግድግዳ ሶኬት ጋር በፍጹም አታገናኙ።