በጥቂት ገንዘብ ላፕቶፕ ለሚገዛ ሰው የሚጠቅም ምክር

ልጆቹን ለማስተማርና የቤቱን ሒሳብ በሥርዓት ለመያዝ የሚወድ የቤተ ሰብ አባት ሁሉ፥ በዚህ ዘመን ላፕቶፕ የሚባለውን ኮምፒዩተር ሳይገዛ መኖር አስቸጋሪ ሆኖበታል። ቀድሞ በቀለምና በብዕር፥ ኋላም በጽሕፈት መኪና ይሠራ የነበረው ሥራ ዛሬ በዚህ ዕቃ ይሠራልና። ነገር ግን ዋጋው ለብዙ ቤት የወራት ደመወዝ ስለ ሆነ፥ ሳይመረምሩ የገዙት እንደ ሆነ ጸጸቱ ከገንዘቡ ይበልጣል። እኛም ይህን የምንጽፈው ብልኆች ነን ብለን ሳይሆን፥ ተሳስተን የተማርነውን ለወዳጆቻችን ለማካፈል ነው።

ከጥቂት ዓመት በፊት ለልጃችን ትምህርት የሚሆን ላፕቶፕ ፈልገን ገበያ ወጣን። ሻጩም ቀጭንና የሚያብረቀርቅ፥ ከካርቶኑ ያልወጣ አዲስ ዕቃ አቀረበልን። ዋጋው ዝቅ ያለ ስለ ነበረ ደስ ብሎን ወሰድነው። ዓመት ሳይሞላው ግን ማኅደሩ ሞልቶ የዊንዶውስን ማደሻ የሚቀበልበት ቦታ አጣ፤ አንድ ጽሑፍ ለመክፈትም ቡና እስኪፈላ ያህል ያስጠብቅ ጀመር። ልጃችን የመመረቂያ ጽሑፏን በምታስረክብበት ዋዜማ፥ በሌሊት፥ ጨርሶ ቆመ። እሷ አለቀሰች፤ እኛም የማጽናኛ ቃል አጣን። በፍላሽ ያኖረችው ግልባጭ ባይገኝ ኖሮ የወራት ድካሟ በከንቱ በቀረ ነበር። በማግሥቱ ከጎረቤት በተዋስነው ላፕቶፕ ሥራዋን ጨርሳ አስረከበች። ያም ላፕቶፕ መልኩ የደበዘዘ፥ በሌላ ሰው እጅ ብዙ ያገለገለ ሲሆን፥ ከእኛ አዲሱ እጅግ ይፈጥን ነበር። አበው «ከእጅ አይሻል ዶማ» የሚሉት የእኛን ግዢ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳን፤ ምክንያቱንም መመርመር ጀመርን።

መጀመሪያ የሚታየው ራምና ማኅደሩ ነው። ራም ማለት ኮምፒዩተሩ በሥራ ላይ ሳለ ወረቀቱን የሚዘረጋበት ጠረጴዛ ነው፤ ማኅደሩ ግን ወረቀቱ የሚቀመጥበት ሣጥን ነው። የእኛ ዕቃ ራሙ 4 ጊጋባይት፥ ማኅደሩም 64 ጊጋባይት ብቻ ነበር። ይህ ልክ ለዊንዶውስ 11 ዝቅተኛ ተብሎ የተወሰነው ነው፤ ይኸውም በደጅ ለመግባት የሚበቃ እንጂ በቤት ተደላድሎ ለመኖር የሚበቃ አይደለም። ደብዳቤ ለመጻፍ፥ በኤክሴል ሒሳብ ለመያዝ፥ በዙም ስብሰባ ለመካፈል የሚፈልግ ሰው ከ8 ጊጋባይት ራምና ከ256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ባያንስ ይሻለዋል። ማኅደሩ የቀድሞው ሃርድ ዲስክ የሆነ እንደ ሆነ፥ መጠኑ ቢበዛም ሥራው ይዘገያል። በብዙ ርካሽና ቀጫጭን ላፕቶፖች ደግሞ ራሙና ማኅደሩ ከሰሌዳው ጋራ የተበየዱ ስለ ሆኑ ኋላ ለመጨመር አይቻልም።

ሁለተኛው ፕሮሰሰሩ ነው። ሻጭ «ኮር አይ 5 ነው» ብሎ ሲናገር ነገሩን በዚህ ማቆም አይገባም። በ2015 ዓመተ ምሕረት በፈረንጅ አቆጣጠር የወጣው 6200ዩ እና በ2017 የወጣው 8250ዩ ሁለቱም ኮር አይ 5 ይባላሉ፤ ዳሩ ግን የመጀመሪያው 6ኛ ትውልድ ሆኖ ሁለት ኮር ብቻ ሲኖረው፥ ሁለተኛው 8ኛ ትውልድ ሆኖ አራት አለው። ይህም ልዩነት ከፍጥነት ያለፈ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች፥ ከጥቂቶች በቀር፥ 8ኛውን ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያሉትን ብቻ ይቀበላል። ስለዚህ አሮጌ ትውልድ የገዛ ሰው፥ የንግዱን ምስጢርና የባንኩን ሒሳብ ጥበቃው በጎደለ ቤት እንዳስቀመጠ ይቆጠራል።

ሦስተኛው አዲስ ወይስ ያገለገለ የሚለው ጥያቄ ነው። ለመሥሪያ ቤቶች ተብለው የተሠሩት እንደ ሌኖቮ ቲንክፓድ፥ እንደ ዴል ላቲቲዩድና እንደ ኤችፒ ኤሊትቡክ ያሉት፥ አገልግለው ሲሸጡ ዋጋቸው ይወርዳል፤ አሠራራቸው ግን ጽኑ ነው፤ በብዙዎቹም ዘንድ ኤስኤስዲውን መለወጥ ይቻላል። የጎረቤታችን ላፕቶፕ ከእነዚህ ወገን ነበረ። ነገር ግን ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ምርመራውን ማብዛት አለበት። በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን ገልጦ፥ አረማመዷን አይቶ ይገዛል እንጂ በኮርቻዋ ጌጥ አይታለልም።

ስለዚህ ከሻጩ ፊት ሳሉ ላፕቶፑን አስከፍቶ፥ ሴቲንግ፥ ቀጥሎ ሲስተም፥ ቀጥሎ አባውት በሚለው ገብቶ የራሙን ልክና የፕሮሰሰሩን ቁጥር በዓይን ማየት ይገባል። ፊደሎቹን በሙሉ በጣት መሞከር፥ ካሜራውንና ድምፁን ማየት፥ የቀድሞ መሥሪያ ቤት የይለፍ ቃል አለመቅረቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ስለ ባትሪውም፥ ሲሠራ የነበረውን አቅምና ዛሬ የቀረለትን የሚያወዳድር ዘገባ ዊንዶውስ ራሱ ያወጣልና፥ ሻጩ አውጥቶ እንዲያሳይ ይጠየቅ። መብራት በሚጠፋበት ቤት ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ከጠረጴዛ ጌጥ አይለይም።

ደግሞም ሥራው ቴሌግራም ማንበብና ወሬ መስማት ብቻ የሆነ ሰው በስልኩ ቢቆይ ገንዘቡን ያተርፋል። ላፕቶፕ ያስፈልገኛል ያለ ሰው ግን አስቀድሞ ሥራውን በወረቀት ይጻፍ፥ ቀጥሎ ዕቃውን ይመርምር፥ በመጨረሻ ስለ ዋጋ ይነጋገር። እኛ ይህን ተራ ገልብጠን ከዋጋው ስለ ጀመርን ሁለት ጊዜ ከፈልን። ከገንዘቡም ይልቅ ዛሬ ድረስ የሚከብደን የልጃችን የዚያች ሌሊት እንባ ነው።