ጉንፋን ለቆ ሽታ ሲቀር

ጉንፋን አፍንጫ ሲያፍን ሽታ መጥፋቱ የተለመደ ነው። አፍንጫው ሲከፈት ሽታውም ይመለሳል። አንዳንድ ሰው ግን ጉንፋኑ ከለቀቀው በኋላም ቡና አጠገቡ እየተቆላ ምንም አይሸተውም።

የአዲስ አበባ ሰው ስለዚህ ችግር አዘውትሮ ማውራት የጀመረው በኮሮና ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ከተገለጸ በኋላ ሕሙማን ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ይገቡ ጀመር፤ የቦሌው ሚሊኒየም አዳራሽም በዚያው ዓመት የሕክምና ማዕከል ሆነ። “ሽታ ጠፋብኝ” ያለ ሁሉ ይጠረጠር ነበር። ይሁንና ተራ ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛም ይህንኑ ያደርጋሉ።

የማሽተት ነርቮች ያሉት በአፍንጫ ጣሪያ ላይ በተነጠፈ፣ ጥቂት ስኩዌር ሴንቲሜትር ብቻ በሚሆን ስስ ሽፋን ውስጥ ነው። ከዚያ ወንፊት በመሰለ አጥንት ሾልከው አንጎል ይደርሳሉ። ቫይረስ ይህን ሽፋን ሲጎዳ መልእክቱ ይቋረጣል። ኮሮና በዋናነት የሚያጠቃው ነርቮቹን ሳይሆን በዙሪያቸው ያሉትን ደጋፊ ሕዋሳት ነው።

ሽታ ያጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያማርረው ምግብ አልጥም ማለቱን ነው። ምላስ ጨውን፣ ጣፋጩን፣ ኮምጣጣውንና መራራውን ይለያል፤ የኮረሪማውና የንጥር ቅቤው ቃና ግን በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ የሚወጣ ሽታ ነው። የበርበሬ ማቃጠል በሌላ ነርቭ ስለሚተላለፍ አይጠፋም። ስለዚህ ዶሮ ወጡ ያቃጥላል እንጂ አይጥምም።

ደግነቱ የማሽተት ነርቮች ከሥራቸው ባሉ ሕዋሳት ይተካሉ። ሂደቱ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። በመሃሉ ሽታ ሊዛባ፣ ቡናም እንደ ብስባሽ ሊከረፋ ይችላል። ቢያስጨንቅም ብዙ ጊዜ የማገገም ምልክት ነው።

የድሬስደኑ ሐኪም ቶማስ ሁመልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት የማሽተት ልምምድ ይህን ማገገም እንደሚያግዝ አሳይቷል። ታማሚዎቹ ጽጌረዳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ሎሚና ቅርንፉድ ጠዋትና ማታ ለ12 ሳምንታት አሸተቱ። ለየካና ለቦሌ ሰው አራቱም ቅርብ ናቸው፤ ሎሚና ቅርንፉድ ከሾላ ገበያ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ከየካ ተራራ ይገኛል። ከቦሌ ኤርፖርት ወደ ውጭ የሚጫነው ጽጌረዳ ብዙውን ጊዜ ጠረኑ ደካማ ስለሆነ የግቢው ይመረጣል። እያንዳንዱን ለ10 ሰከንድ ያህል፣ ድሮ እንዴት ይሸት እንደነበር እያሰቡ በቀስታ ማሽተት ነው። በባሕር ዛፍ መታጠን የታፈነ አፍንጫን ቢያቀልም ይህን ልምምድ አይተካም።

ሽታው እስኪመለስ የቡታጋዝ መዝጊያን ደጋግሞ ማየት፣ ያደረ ወጥንም አፍንጫው ጤነኛ ለሆነ ሰው ማስሸተት ያስፈልጋል። ሽታው ያለ ጉንፋን ወይም ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ ከጠፋ፣ በአንድ አፍንጫ ብቻ ከሆነ፣ ወይም ከሳምንታት በኋላም ካልተሻለ የአንገት በላይ ሐኪም ሊያየው ይገባል።