የቢስክሌት ብይና የቀጥቃጭ መዶሻ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ፣ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፣ ቢስክሌት የሚጠግን ሰው አይታጣም። ካላማደሪያ ይለጥፋል፣ ራጂ ይወጥራል፣ የጎበጠ ቸርኬ ያቃናል። በገጠሩ ደግሞ ከሰሉን በወናፍ እያናፋ ማረሻና ማጭድ የሚሠራ ቀጥቃጭ አለ። እንግዲህ ማረሻ የሚያወጣ እጅ የቢስክሌትን ዕቃ ለመሥራት ምን ይጎድለዋል?

መልሱ እንደ ዕቃው ይለያያል። የጭነት ማስቀመጫውንና መቆሚያውን ቀጥቃጩ ዛሬውኑ ሊሠራቸው ይችላል፤ በዚህ ላይ ጊዜ ማጥፋት አያሻም። ራጂ ግን ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ሽቦ ሲሆን፣ እየጠበቡ በሚሄዱ ቀዳዳዎች ውስጥ ሳይግል እየተጎተተ ይቀጥናል፤ በመጎተቱም ይጠነክራል። የጫፉ ጥርስ ተቆርጦ የሚወጣ አይደለም፤ በሁለት ጥርሳም ሰሌዳዎች መካከል እየተንከባለለ ይታተማል እንጂ። ብረቱ ስላልተቆረጠም በዚያ ቦታ ቶሎ አይበጠስም።

ከሁሉ የሚደንቀው በኩሽኔታ ውስጥ ያለው ብይ ነው። ወፍራም የብረት ሽቦ በአጭር በአጭሩ ይቆረጥና በሁለት ጎድጓዳ ቅርጾች መካከል ይጨመቃል። ሲወጣ ወገቡ ላይ ቀለበት የመሰለ ትርፍ ይኖረዋል፤ ይህም ቦይ ባላቸው ሁለት ሰሌዳዎች መካከል እየተሽከረከረ ይላጣል። ከዚያ እስከ 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይግልና ዘይት ውስጥ ይነከራል፤ እንደገናም ይሞረዳል። ፍሪድሪክ ፊሸር የተባለው ጀርመናዊ በሽቫይንፉርት ከተማ ብይ የሚሞርደውን መኪና የሠራው በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1883 ነው።

አግሎ መንከርንስ የእኛም ቀጥቃጭ አሳምሮ ያውቀዋል። ከአሮጌ ባሌስትራ ያወጣውን ስለት የሚያጠነክረው የጋለውን ብረት ቀለም አይቶ ነው። የሚጎድለው መለኪያው ነው። ማረሻ በአንድ ገበሬ እርፍ ላይ ከተስማማ ይበቃል። ብይ ግን ከጓደኞቹ በሚሊ ሜትር መቶኛ እንኳ ቢተልቅ ጭነቱ በእርሱ ላይ ይወድቃል፤ መቀመጫውንም ይፈጫል። ካቴናም እንዲሁ ነው፤ በሕንድ የተሠራው በቻይናው ቢስክሌት ጥርስ ላይ የሚሄደው ከአንዱ ፒን እስከ ሌላው ያለው ርቀት በሁለቱም ዘንድ 12.7 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ ነው።

ሌላም የጎደለ አለ፤ እርሱም ክብር ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ቢከለክሉም፣ ቀጥቃጭን ቡዳ የማለት ልማድ ከገጠሩ ቶሎ አልጠፋም። ልጁ የአባቱን ሙያ ትቶ ቢሄድ ማን ይፈርድበታል?

እንደሚመስለኝ ሙከራው ከብይ መጀመር የለበትም። በአሮጌዎቹ ቢስክሌቶች የፔዳሉን ክንድ ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ትንሽ ሽብልቅ ቀድሞም በሞረድ እየተስተካከለ የሚገባ ነው፤ ይህ ለቀጥቃጩም ለጠጋኙም የሚመች ሥራ ነው።