ለአኩፓንክቸር ከመተኛትዎ በፊት

መርፌ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የጤና ጣቢያው ወረፋና የክትባቱ ሕመም ነው። የአኩፓንክቸር መርፌ ግን ባሕርዩ ሌላ ነው። ድፍን ነው፤ መድኃኒት የሚያልፍበት ቀዳዳ የለውም። ውፍረቱም አብዛኛውን ጊዜ ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ቻይናውያን ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሲታከሙበት የኖሩት ይህ ጥበብ ዛሬ ብዙ አገር ገብቷል። እኛም ዘንድ በአቃቂ ቃሊቲው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ቻይናውያን ሐኪሞች ሲሰጡት ቆይተዋል። ወገቡ ወይም ጉልበቱ አላስቀምጥ ብሎት፣ የማስታገሻ ክኒን ሰልችቶት ሊሞክረው የሚያስብ ሰው ምን እንደሚጠብቀው አውቆ ቢገባ ይጠቀማል።

አልጋው ላይ

የመጀመሪያው ቀን በጥያቄ ይጀምራል። ባለሙያው ስለሚያምዎት ቦታ፣ ስለ እንቅልፍዎ፣ ስለ ምግብ ፍላጎትዎ ይጠይቃል፤ በቻይና ባህላዊ ሕክምና የሠለጠነ ከሆነ ምላስዎን ያያል፣ የሁለቱንም እጆችዎን የደም ትርታ በጣቱ ይለካል። ከዚያ ቆዳው በአልኮል ይጠረጋል፤ መርፌው በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ተደግፎ በጣት መታ ሲደረግ ይገባል። ወገቤን ብለው ሄደው ከጉልበትዎ በስተኋላ ቢወጉ አይደንግጡ፤ በቻይናውያኑ ትምህርት የወገብ መስመር በዚያ ያልፋል።

ሲገባ ቆንጠጥ ያደርጋል። ቀጥሎ ከውስጥ የመክበድ ወይም የመደንዘዝ ስሜት ይመጣል፤ ይህ የተለመደ ነው። የሚያቃጥል ወይም የሚነዝር ኃይለኛ ሕመም ከተሰማዎት ግን ወዲያው ይናገሩ። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጋደም ብለው ይቆያሉ፤ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ብዙ ነው። አንዳንዱ ክሊኒክ በብርጭቆ ዋግምትም ያደርጋል። ከእኛ የቀንድ ዋግምት የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ ቆዳ ሳይበጣ መሆኑ ነው፤ ክብ ምልክቱ ለቀናት ይቆያል።

ይረዳል ወይ?

በጀርመን 1,162 የወገብ ሕመምተኞችን ያሳተፈ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟል። ከስድስት ወር በኋላ በተለመደው ሕክምና የተሻላቸው 27.4 በመቶ ሲሆኑ በአኩፓንክቸር የተሻላቸው 47.6 በመቶ ነበሩ። ትክክለኛው የመወጊያ ነጥብ ሳይጠበቅ ለይስሙላ በስሱ ከተወጉትም 44.2 በመቶው ተሽሏቸዋል። መወጋቱ ብዙዎችን አሳርፏል ማለት ነው፤ የነጥቡ ትክክለኛነት ግን እንደሚነገርለት ወሳኝ ሆኖ አልታየም። እፎይታው እውነት ነው፤ ከፊሉ ከእረፍቱ፣ ከተስፋውና ጊዜ ሰጥቶ ከሚያዳምጥ ባለሙያ የሚመጣ ይመስላል።

በአንድ ቀን ተአምር አይጠብቁ። አሜሪካ ያሉ እናት አባቶቻችን የሚታከሙበት የጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ 12 ሳምንትና ከዚያ በላይ ለቆየ የወገብ ሕመም በ90 ቀን ውስጥ እስከ 12 ጊዜ ይሸፍናል። ለውጥ ከታየ ስምንት ይጨምራል፤ ካልታየ ያቆማል። በኪሱ ለሚከፍልም ሰው ይህ ጥሩ መለኪያ ነው።

ጥንቃቄ

መርፌው ከታሸገበት ሲወጣ በዓይንዎ ይዩ፤ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል መሆን አለበት። በባዶ ሆድ ሰውነት ሊዝል ስለሚችል በጾም ወቅት ቀጠሮዎን ከምግብ በኋላ ያድርጉ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ይንገሩ። የልብ ምት ማስተካከያ (ፔስሜከር) ካለዎት በመርፌው ላይ ኤሌክትሪክ አያስጨምሩ። ሕመሙ ምን እንደሆነ በምርመራ ሳይታወቅም ወደ መርፌ አይሮጡ፤ ለወራት የዘለቀ የወገብ ሕመም ከጀርባው ሌላ በሽታ ሊኖር ይችላል።

የታዘዘልዎትን መድኃኒት በራስዎ አያቋርጡ። ስኳርን፣ ደም ግፊትን ወይም ካንሰርን በመርፌ አድናለሁ የሚል ሰው ካጋጠመዎት ግን ገንዘብዎንም ጤናዎንም ይዘው ይውጡ።